የኳስ ዕድሜ

ቪራ ማለት አንሣ ማለት ነው፤ ማይና ማለት አውርድ። ጣሊያን ትቷቸው የሄደ የወደብ ቃላት ናቸው። አሰብ ወደብ ላይ ከሚሠራው ሕዝብ መካከል አማርኛ የማይሰማ ነበር፣ ትግርኛ የማይሰማ ነበር፣ ከአፋርኛና ከዐረብኛ ሌላ የማያውቅም ነበር። እነዚህን ሁለት ቃላት ግን የማያውቅ አልነበረም። ያላወቃቸው ሰው ጭነት ይወርድበታል።

እኛ ኳስ ሜዳ ላይም እንጠቀምባቸው ነበር። ከኋላ የምንሰለፍ አራት ተከላካዮች ነን። ቪራ ሲባል አራታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ፊት እንወጣለን፤ የተቃራኒው አጥቂ ብቻውን ከኋላችን ይቀርና ኦፍሳይድ ይሆናል። ማይና ሲባል ወደ በረኛችን እንመለሳለን። ከአራታችን አንዱ ቃሉን ሳይሰማ ከቀረ፣ ወይም አንዱ ብቻውን ከሰማ፣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

ስም አልጠራም። ያኔም ቢሆን የምንጠራራው በማልያ ቁጥር ነበር። እኔ አምስት ቁጥር ነበርኩ። ቃሉን የሚሰጠው አጠገቤ የሚሰለፈው አራት ቁጥር ነው። የወደብ ሥራውም ይኸው ነበር፤ ጭነት ከመርከብ ሲወርድ ከሥር ቆሞ ለክሬነኛው ምልክት ይሰጣል። ክሬነኛው በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ላይሰማ ስለሚችል ምልክት ሰጪ በአፉ ብቻ አይናገርም። ቪራ ሲል ቀኝ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ማይና ሲል መዳፉን ወደ መሬት ይደፋል። አራት ቁጥር ሜዳ ላይም እጁን ሳያነሣ ቪራ ብሎ አያውቅም። «እጄና አፌ በአንድ ገመድ ነው የታሰሩት» ይለን ነበር።

ወደ ቡድኑ ያስገባኝ እሱ ነው። ከደሴ በአጎቴ የጭነት መኪና አሰብ የወረድኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወደብ በር ላይ ሥራ ፈላጊዎች መሀል ቆሜ ሳለ ቁመቴን አይቶ ጠራኝ።

«አንተ ረጅሙ፣ በቴስታ ትመታለህ?»

«እመታለሁ» አልኩ። አልችልም ነበር። ውሸቴን እውነት እስኪያደርግልኝ ድረስ ግንባሬ አብጦ ከረመ።

በወረቀት ላይ ሁላችንም የወደብ ሠራተኞች ነበርን። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር እንሠራለን፤ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ እንለቀቃለን። እንጀራችን ግን ኳሱ ነው፤ ኳስ ያቆመ ሰው ጆንያ መሸከም ይጀምራል። ሜዳችን ሣር የሚባል ነገር አያውቅም። ጨው የተቀላቀለበት አሸዋና ጠጠር ነው። መስመሩን በኖራ ብናሰምረው ከጨዉ ጋር ስለሚመሳሰል በተቃጠለ የሞተር ዘይት እናሰምረው ነበር። ተንሸራትቶ ኳስ የሚያስጥል ሰው ጉልበቱ ይላጣል፣ ቁስሉ ውስጥ ጨውና ዘይት ይገባበታል። አጥቂዎቻችን ንጹሕ ጉልበት ነበራቸው። የእኛ ጉልበት ቅርፊቱ ሳይነሣ ሌላ ቅርፊት ይደርብ ነበር።

አራት ቁጥር ያስተማረኝ ብዙ ነው፤ አንዱን ግን ደጋግሞ ይለው ነበር። «አጥቂ ጎል ሲያገባ ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። አንተን ግን ሰው ከጨዋታ በኋላ ሲያወራ ጭራሽ ካላነሣህ ጥሩ ተጫውተሃል ማለት ነው። ተከላካይ የሚታወሰው ሲሳሳት ነው።» በዚያ ዘመን አለመታወስ ለኳስ ብቻ የሚሆን ምክር አልነበረም።

ቀበሌው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለውን ወንድ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግብ ነበር። ዙር በመጣ ቁጥር ስም ይነበባል፤ ስሙ የተነበበ ሰው ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል፤ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን። በአጎቴ መኪና ከእኔ ጋር ተጭነው ከደሴ የመጡ ሁለት ልጆች ሄደው ነበር፤ የአንዱ መርዶ ከስድስት ወር በኋላ መጣ። እኔን ያተረፈኝ ደብዳቤ ነው። የቡድናችን ኃላፊ የነበረው ካድሬ የተጫዋቾቹን ስምና ዕድሜ ከመዝገቡ ዘርዝሮ፣ «ለስፖርት ግዳጅ የተያዙ» ብሎ፣ ማኅተም አድርጎ ለቀበሌው ይልካል። በዚያ ዝርዝር ላይ እስካለሁ ድረስ ማንም አይነካኝም። በየሳምንቱ የምጫወተው ለዚያ ነበር። ለዋንጫ ነው ብል እዋሻለሁ።

አራት ቁጥር ይህ ሥጋት የሌለበት ሰው ነበር። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። በቡድኑ መዝገብ ላይ ግን ሃያ ሰባት ይላል። ለውድድር ወጣት ይመረጣል ስለተባለ አሠልጣኛችን ነው የቀነሰለት፤ በዚያ ጊዜ ዕድሜውን ያልቀነሰ ተጫዋች ቢፈለግ አይገኝም። የኳስ ዕድሜ እንለዋለን። የሱ የኳስ ዕድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ስለነበር መቀለጃችን ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮስ ስንት ሞላህ?»

«ሃያ ሰባት። እንደ ጥምቀት በየዓመቱ ነው የማከብረው።»

«ልጅህ ሊደርስብህ ነው እኮ።»

«ይድረስብኝ፤ አብረን እንሰለፋለን።»

የስንዴው ዓመት መጣ። ደጋው በረሃብ ሲያልቅ መርከቦቹ እርዳታ ጭነው ተግተልትለው መጡ። ከዚያ በፊት እሑድ ወደቡ ጸጥ ይል ነበር፤ ጨዋታችንም እሑድ ነው። ያን ዓመት ግን እሑድም ዘመቻ ሆነ። ሜዳው ከወደቡ አጥር ብዙም አይርቅም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ የስንዴውን ብናኝ እያመጣ ዓይናችን ውስጥ ይበትነው ነበር። ነፋሱ ሌላም ነገር እንደሚያመጣ ማናችንም አላሰብንም።

ወሳኙ ጨዋታ ከጦሩ ቡድን ጋር ነበር። ያሸነፈ ለትልቁ ውድድር ወደ ደጋ ይወጣል። ለእኛ አቻ ይበቃን ነበር። ከጨዋታው በፊት ካድሬው መልበሻ ክፍል ገባ። ኳስ የሚወድ፣ ልምምድ የማያመልጠው ሰው ነው፤ ሲጋራውን በር ላይ ጥሎ ረገጠና በዝግታ ተናገረ።

«ቀበሌው በደብዳቤዬ ላይ ጥያቄ ማንሣት ጀምሯል። ወደብ ብቻ ለምን ይቀራል ይሉኛል። ካለፋችሁ አፍ አለኝ። ከወደቃችሁ ግን ባዶ እጄን መመለስ አልችልም። አንድ ሰው እሰጣለሁ፤ የሚሰጠውም ያጠፋው ነው።»

አሠልጣኛችን ታኬታችንን እንድናጠብቅ ነገረን።

እስከ መጨረሻው ዐሥር ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ነበርን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። የያዝኩት አጥቂ አጭርና ፈጣን ወታደር ነው፤ ጀርባውን እንጂ ፊቱን እንዲሰጠኝ አልፈቀድኩለትም። «አንተ የወደብ ዐይጥ፣ ልቀቀኝ እንጂ» እያለ ይሰድበኝ ነበር። በስድቡ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ኳሱ በእነሱ መሀል ተጫዋች እግር ሥር ሆነ። እኔ ከመስመራችን አንድ እርምጃ ቀደም ብዬ ነበር፤ አራት ቁጥር በግራዬ ከኋላ ነው። ቪራ የሚል ሰማሁ። እግሬ ከጆሮዬ እኩል ተነሣ፤ ሦስት ዓመት የተማርኩት ነገር ነው። እየሮጥኩ ሳለሁ ድምፁ ቀጭን እንደነበር ታወቀኝ። የአራት ቁጥር ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስላል። ግን እግር አንዴ ከተነሣ አይመለስም። ስዞር ሦስቱም ጓደኞቼ እዚያው ቆመዋል፤ ወታደሩ ብቻውን ከበረኛችን ጋር ተፋጥጧል፤ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ነው። ኳሱ መረብ ውስጥ ሲገባ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ጨዋታው እንዳለቀ የውሃው በርሜል አጠገብ ተቀመጥን። አራት ቁጥር ጉልበቱ ላይ ያለውን ጨው እያጠበ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ለምን ወጣህ?»

«ቪራ ብለሃል።»

«እኔ?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

ቀና ብሎ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ከአጥሩ ወዲያ የክሬኑ አንገት እየዞረ ነበር። አተኩሮ አየው። ከዚያ ጣሳውን ውሃ ሞልቶ ሰጠኝና «ጠጣ» አለኝ።

በማግስቱ ለሂስና ግለሂስ የሠራተኞች አዳራሽ ተሰበሰብን። ካድሬው ዝርዝሩን፣ ብዕሩንና ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። መጀመሪያ ያስነሣው እኔን ነው።

«ጓድ፣ አንተ ወጣህ። ሦስቱ ጓዶችህ ቀሩ። ለምን?»

«ቪራ ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ማን ሲል?»

«ቪራ የሚል አንድ ሰው ነው ያለን» አልኩ።

ሦስት ቁጥርን ጠየቀው። «እኔ ጥግ ነበርኩ፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ አልሰማሁም» አለ። ሁለት ቁጥርን አልጠየቀውም። ሁለት ቁጥር ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር የመጣ ልጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ፣ አማርኛው ጥቂት። በስብሰባ ላይ የካድሬው ዓይን በእሱ ላይ አርፎ አያውቅም።

ካድሬው ወደ እኔ ተመለሰ። «እሱ እጁን ሳያነሣ ቪራ እንደማይል ሁላችንም እናውቃለን። እጁን አይተሃል?»

እጁን ላየው አልችልም፤ ከኋላዬ ነበር። ካላየሁ ደግሞ ቪራ የለም። ቪራ ከሌለ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመቴ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ስሜ ከላይ አምስተኛው ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ ምራቄን እስክውጥ ድረስ ነበር።

«አይቻለሁ» አልኩ።

አራት ቁጥር ዞር ብሎ አየኝ። በቁጣ አልነበረም። ጭነት ከመነሣቱ በፊት ገመዱን እንደሚያየው ነበር ያየኝ፤ ይችል እንደሆነ፣ አይችል እንደሆነ። ከዚያ ብድግ አለ።

«ጓድ፣ አትድከሙ። ቪራ ብያለሁ፤ እጄንም አንሥቻለሁ። ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩና ቀረሁ። ልጁ የሰማውን ነው ያደረገው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተመልሶ ሲቀመጥ ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔን ምን ያደርጉኛል፤ ሽማግሌ ነኝ» አለኝ። ፈገግ ብሎም ነበር። ካድሬው ማስመሪያውን በዝርዝሩ ላይ አጋድሞ ስሙን ሰረዘ። የመስመሩ ቀጥ ማለት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በአራተኛው ቀን ቀበሌው ስም አነበበ። አራት ቁጥር ስሙ ሲጠራ ሣቀ፤ አጠገቡ የነበሩትም ሣቁ።

«የስም ስህተት ነው» አለ። «እኔ እኮ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።»

የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀቱን አገላበጠ። «ሃያ ሰባት ይላል።»

«እሱ የኳስ ዕድሜዬ ነው።»

«እንግዲህ አገር የፈለገችህ በኳስ ዕድሜህ ነው» አለው ጸሐፊው፤ የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። አዳራሹ ውስጥ «ሽማግሌ ነኝ» ሲለኝ የተናገረው እውነተኛ ዕድሜውን ነበር፤ የተጻፈውን ረስቶታል። ወይም ረስቶታል ብዬ አስባለሁ። አስታውሶ ነበር ብዬ ማሰብ ከዚህ ይከብደኛል።

ባለቤቱ የቡድኑን ማልያ የምታጥብ ሴት ናት። እጇ ከሳሙናና ከጨዋማው ውሃ የተነሣ ሁልጊዜ የተሰነጣጠቀ ነበር። በማግስቱ መጥታ ልምምድ ላይ አገኘችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቀበሌ አብረኸኝ ሂድ። እኔ ሚስቱ ስለሆንኩ አይሰሙኝም። አንተ የቡድኑ ልጅ ነህ፤ ዕድሜውን ታውቃለህ፤ ትመሰክርልኛለህ።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ምን ልበላት?

ጸሐፊው በላብ የራሰ መሐረብ አንገቱ ላይ ጥሎ ይጽፍ ነበር። እሷ ቆማ አስረዳችው። ካገባችው አሥራ ሁለት ዓመቷ መሆኑን፣ በአራት ዓመት እንደሚበልጣት፣ እሷ ሠላሳ እንደሆነች። ሰማትና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ ምን ታውቃለህ?»

«ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።»

«ሃያ ሰባት ነው ብሎ የጻፈው ማን ነው? የእናንተው ቡድን አይደለም? ታዲያ ቡድኑ ለመንግሥት ሐሰተኛ መዝገብ አቅርቧል ነው የምትለው?» ብዕሩን አነሣ። «በለኝና ልጻፈው። ከዚያ የሁላችሁንም ዕድሜ እንደ አዲስ እናጣራለን። የአንተስ ስንት ነው?»

እሷ አፌን ታያለች። እኔ የጠረጴዛውን እግር አያለሁ። ከአንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት ተደርጓል፣ እንዳይወላገድ።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ።

መንገድ ላይ አልወቀሰችኝም። «ፈራህ፤ ምን ታደርግ፣ ልጅ ነህ» አለችኝ። ያን ሁሉ መንገድ አጠገቧ ስሄድ እጁን አላየሁም ብዬ ልነግራት አፌን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩ እግዜር ያውቃል።

የሄዱት ጠዋት ነው፤ ስንዴ ወደ ደጋ በሚያወጡት መኪኖች ላይ። ከጆንያው በላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያው በሙሉ ጢም ያላወጡ ልጆች ናቸው። ሲያየኝ ተጣራ።

«አምስት ቁጥር! ወገብህን ዝቅ አድርግ፣ ቁመትህ ያታልልሃል።»

የነገረኝ የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። መኪናው ሲነሣ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። ያን እጁን አየሁት።

የሱ ቦታ ለእኔ ተሰጠ፤ ማልያውም። ባለቤቱ አጥባ አጥፋ አመጣችልኝ። «ከአንገቱ ጋ ያለው ጨው አለቅም ብሏል» አለች። እውነቷን ነው፤ ስለብሰው አንገቴን ይበላኝ ነበር።

ወር ያህል ቆይቶ ልምምድ ላይ ሳለን ነፋሱ ከባሕር ተነሣ። መሀል ሜዳ ቆሜ ቃል ልሰጥ አፌን ሳልከፍት ከአጥሩ ወዲያ ቀጭን፣ የተሳለ ድምፅ መጣ፤ ቪራ። ሦስት ቁጥር ወጣ። አንድ አዲስ ልጅም ወጣ። ከዚያ ተያዩና በሣቅ ፈረሱ። አሠልጣኛችንም ሣቀ። እኔና ሁለት ቁጥር አልሣቅንም። ሁለት ቁጥር አጠገቤ መጥቶ በዚያች ጥቂት አማርኛው ተናገረ።

«ያን ቀንም ይኸው ነው። ከባሕር ነው የመጣ።»

«አውቀህ ነበር?»

«እኔ የባሕር ሰው። ነፋስ ከየት እንዳመጣ አውቃለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። ከዚያ «አንተ ግን ጠየቁህ» ብሎኝ ወደ ቦታው ሄደ።

አሠልጣኛችን ከዚያ በኋላ ቃሉን ለወጠው፤ ቪራ ቀርቶ «ውጡ» ሆነ። ከካድሬው ጋር አንድ ጊዜ ተነጋገርኩ። ቢሮው ገብቼ የሰማሁት ድምፅ መርከብ ከሚያራግፈው ምልክት ሰጪ እንደነበር፣ እጁንም እንዳላየሁ ነገርኩት። ሲጋራውን ለኮሰ። «መስመሩ ተሰምሯል» አለኝ። «አንተን ብጨምርበት ሁለት ይሆናል እንጂ እሱ አይመለስም። ሂድና ተጫወት።» ሄድኩና ተጫወትኩ። ነግሬዋለሁ ብዬ ለጥቂት ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ለባለቤቱ እኔ ነበርኩ ያነበብኩላት። ልጆቹ እዚያ ጋሼ እንደሚሉት፣ በሩጫ ግን እንደማይቀድሙት፣ ጉልበቱ ቅርፊቱን ማራገፍ እንደጀመረ ይላል። «ቡድኑ እንዴት ነው? አምስት ቁጥር አራት ቁጥር ሆነ ወይ?» ይላል። ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። እሷ ማልያ ማጠቧን አላቆመችም፤ ሰው በጠየቃት ቁጥር «ሠላሳ አምስት ሞላው» ትላለች፣ ከዚያ «ሠላሳ ስድስት»።

እኔ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ። ከዚያ ቀኝ ጉልበቴ ጨውና ዘይቱ መሀል ተጠምዝዞ ቀረ። ኳሴ በዚህ አለቀ፤ ጨዋታዬን የሚያስታውስ ሰው የለም፣ እሱ እንዳለው ጥሩ ተጫውቼ ይሆናል። አንካሳ ስለሆንኩ ቀበሌውም አልፈለገኝም። ወደቡ ምልክት ሰጪ አደረገኝ፤ የሱን ሥራ።

በሥራ ቀን እንደማንኛውም ሰው ቪራ እላለሁ፣ ማይና እላለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ሜዳው ሲዞርና ከአጥሩ ወዲያ የጨዋታ ፊሽካ ስሰማ ግን አፌን እይዛለሁ። ክሬነኛው ከላይ አንገቱን ያወጣል።

«ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ዲዳ ሆንክ?»

ቀኝ እጄን ከፍ አድርጌ እስኪያየው ድረስ እዚያው እይዘዋለሁ።